በረኪና ነው ብዬ ያስተረጎምኩት አሲድ

የምስክሯ ስም፦ የወርቅውሃ አምሐ
ዕድሜ፦ 38
አድራሻ፦ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ሥራ፦ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ማርች 16 ቀን 1993፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ሳን ሆዜ
አስተርጓሚ፦ መቅደስ ኩምሳ

ሳን ሆዜ በሚገኘው ፋብሪካ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በጃንዋሪ ወር ሥራ ሲቀዘቅዝ ድርጅቱ ሰው ላለማሰናበት ወርክ ሼሪንግ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ገባ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ እንሠራለን፣ ዓርብ ቤት እንውላለን፣ ለቀረብን ቀን አንኢምፕሎይመንት ከሚባለው የመንግሥት የሥራ አጥ ክፍያ በከፊል ይከፈለናል። በፌብሩዋሪ ግን አለቃችን አቶ ጋሻው ሰብስቦን ዓርብም የሥራ ሰዓት ካርድ ሳንመታ እንድንገባ፣ እምቢ ያለ ሌይኦፍ ተደርጎ ከሥራ እንደሚሰናበት ነገረን። ገባን። ለክፍያው ወደ መንግሥት በሚላከው፣ ዓርብ አልሠራሁም በሚለው ቅጽ ላይም ፈርሜአለሁ።

ማርች 12 ቀን ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ ከኦክላንድ በእኔ መኪና አብሮኝ የሚመላለሰው አቶ ኃይለየሱስ ደግነት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃው የሚታጠብበትን አሲድ ሲቀይር ጓንቱ ተቀዶ እጁና ክንዱ ላይ ፈሰሰበት። ቆዳው ብዙም የተለወጠ አይመስልም ነበር። እሱ ግን አጥንቴ ተቃጠለ እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ። አምቡላንስ እንጥራ ብል አቶ ጋሻው ስልኩን ከእጄ ወሰደው። ወደ ጎን ወስዶም እንዲህ አለኝ፦ "ዛሬ እዚህ ማንም አልሠራም። ቤቱን ሲያጸዳ በረኪና ነካው በይ። አለዚያ ቅጽ የፈረማችሁት ሁላችሁም ትከሰሳላችሁ።"

ሆስፒታል ራሱ ይዞን ሄዶ የምርመራው ክፍል በር ላይ ቆመ። አቶ ኃይለየሱስ እንግሊዝኛ ስለማይችል የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ምን እንደነካው ሲጠይቅ፣ "የፋብሪካው አሲድ ነው፣ ስሙን ደውለው እንዲጠይቁ ንገሪልኝ" አለ። እኔ በረኪና ነው አልኩ። እጁን በውኃ አጥበው ቅባት ሰጥተው አሰናበቱት። ወደ ቤት ስንመለስ፣ "ነገርሽው?" አለኝ። ነገርኩት አልኩ። መረቀኝ።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባለቤቱ ወይዘሮ ካሳነሽ ራሱን አያውቅም ብላ ደወለችልኝ። መልሰን ወሰድነው። ያን ጊዜ አሲድ ነው አልኩ። ሐኪሙ ትናንት ያስተረጎመው ማን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩ። ይህ አሲድ በቆዳ አልፎ ልብ የሚያቆም ነው፣ ትናንት ብትናገሩ ኖሮ መድኃኒት ነበረው አለኝ። ካሳነሽ ምን እንዳለ ስትጠይቀኝ፣ እየሞከሩ ነው አልኳት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ልቡ ቆመ።

ትናንት ሰኞ ቀብሩ ላይ ካሳነሽ አቅፋኝ፣ "ከዘመድ ይልቅ የደከምሽለት አንቺ ነሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ። የሆነውን እስካሁን አልነገርኳትም።

ይህ ቃሌ በአማርኛ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ሳልገደድ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ ስለሆነ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
የአስተርጓሚዋ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________