ድንኳኖችን ወደ ቤታቸው የመለሱት የወይዘሮ ቤሪል ታፕስኮት ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ጎረቤቶቻችን፣ እንዲሁም በዚህ ዝናብ ከየከተማው የመጣችሁ ወጣቶች ሆይ፤ የወይዘሮ ቤሪል ታፕስኮትን የሕይወት ታሪክ እንዲያነብ የታዘዘው ታናሽ ወንድማቸው ዴንዚል ነው። ትእዛዙን የሰጡት ሟቿ ራሳቸው ሲሆኑ፣ እሱ ቄሱ ይሻላሉ እያለ ቢለማመጥም "አንተ ነህ የምታነበው፤ አለቀ!" ስላሉት፣ የራሱን ስም ሲደርስበት እንደ ሌላ ሰው ስም አድርጎ ያነባል፤ ድምፁ ቢሰበር ታገሡት።

ወይዘሮ ቤሪል ከአባታቸው ከአቶ ኧርነስት ሄምብሮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤዲት እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1948 በሱመርሴት፣ በዚህችው በሄዝልኮም መንደር ተወለዱ። እናታቸው በልጅነታቸው ስላረፉ፣ አባታቸው ከላሞቹ ሥር በማይጠፉበት በዚያ ዘመን፣ የስድስት ዓመት ወንድማቸውን ፊቱን አጥበው፣ የሸሚዙን ቁልፎች ቆልፈው፣ እየጎተቱ ትምህርት ቤት ያደርሱ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ፊቱን ሲያጥቡት ግን ቆዳው እስኪላጥ ነበር፤ ይህም ከታሪካቸው እንዳይቀር።

ትምህርታቸውን በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አምስት ዓመታቸው ከተከታተሉ በኋላ፣ በአቅራቢያው ከተማ በነበረ የእጅ ጓንት ፋብሪካ በሰፊነት ተቀጥረው ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ አገልግለዋል። በዚያ ቤት የአውራ ጣት ያህል ቁራጭ ቆዳ መጣል ነውር ስለነበረ፣ ዕድሜ ልካቸውን የወደቀ ጨርቅ አይቶ ማለፍ አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1970 ከአውቶቡስ ነጂው ከአቶ ክላይቭ ታፕስኮት ጋር ተጋብተው ጊሊያንንና ማርቲንን ያፈሩ ሲሆን፣ አቶ ክላይቭ ቀድመዋቸው ካረፉ በኋላ ኀዘናቸውን በስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረው አሳልፈዋል።

ዴንዚል የግጦሽ ሜዳውን በየነሐሴው ለሙዚቃ በዓል ማከራየት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ወይዘሮ ቤሪል አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሜዳው ወርደው ቢያዩ፣ ድንኳኑ እንደቆመ፣ የመኝታ ከረጢቱ እንደተነጠፈ፣ የጎማ ቦት ጫማው በሩ ላይ እንደተደረደረ፣ የባቄላው ቆርቆሮ እንኳ ሳይከፈት፣ ባለቤቱ ግን ላይመለስ ሄዷል። "ወይ ጉድ! እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም?" ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ በዚያው ሳምንትም የመንደሩን ሴቶች በአዳራሹ ሰብስበው፣ ድንኳኑን እያጠቡና እየቀደዱ የገበያ ቦርሳ፣ የዝናብ ካባና ሽርጥ ይሰፉ ጀመር። ከመኝታ ከረጢቶቹም ለዴንዚል ጥጆች የብርድ ልብስ ስለሰፉላቸው፣ እሱ "ጥጆቼ ከእኔ የተሻለ ለበሱ" እያለ በመንደሩ ሁሉ ያወራ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ በጎ ያሰቡ መስሏቸው፣ በገዛ እጃቸው በነጭ ቀለም አንድ ሰሌዳ ጽፈው በበዓሉ በር ላይ አቆሙ። ሰሌዳው "የማትፈልጉትን ድንኳን ተዉልን፤ ለተቸገረ ይውላል" ይል ነበር። ከዚያ በፊት አራት መቶ የማይሞላው የወደቀ ድንኳን በዚያ ዓመት ከሁለት ሺህ አለፈ። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ሲያዝኑ፣ አንድ ጎረምሳ እጁን እያወናጨፈ ሲወጣ "አይዞዎት እማማ፣ ለድሃ ትቼዋለሁ እኮ!" ብሏቸው በደስታ አለፈ። አብዛኛው ድንኳን ጭቃ የጠጣና የሻገተ ስለነበረ ከአሥሩ አንዱ እንኳ ለስፌት ሳይሆን ቀርቶ በጭነት መኪና ተጭኖ ተጣለ።

በዚያው ዓመት በኅዳር የዴንዚል ዋነኛ የወተት ላም፣ ፕሪምሮዝ፣ መብላት አቁማ ሞተች፤ የከብት ሐኪሙ ሆዷን ቢከፍተው የተጣመመ የድንኳን ካስማ አገኘ። ዴንዚልም ካስማውን ይዞ ሄዶ በእኅቱ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወደ ዘጠኝ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያንን ደጃፍ አልረገጠም። እንደ አገራችን ወግ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲገናኙ ግን "ዝናቡ በረታ" ሲላቸው "ለሣሩ ጥሩ ነው" እያሉ ሲመልሱለት ኖረዋል።

ወይዘሮ ቤሪል ሰሌዳውን አንስተው በመጥረቢያ ፈለጡት፤ ቃሉ ግን ከአፍ ወደ አፍ ተሻግሮ ነበርና፣ ድንኳን ትቶ መሄድ ምጽዋት ነው ብሎ የሚያምን ወጣት በየዓመቱ ይመጣ ነበር። ይህን ቃል በሕይወት ሳሉ መልሰው ለመዋጥ ቆርጠው፣ በየዓመቱ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ እየቆሙ ለምነዋል፣ ተቆጥተዋል፣ ተሰድበዋልም። አንድ ዓመት ግን ባዶ እጇን የምትወጣን አንዲት ልጅ መንገድ ዘግተው ለምን ድንኳንሽን ተውሽ ብለው ቢያፋጥጧት፣ ልጅቱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ "ድንኳኑ ወደ መያዣ ከረጢቱ አልገባ አለኝ!" አለቻቸው። አብረው ወርደው ቢሞክሩት፣ እውነትም አርባ ዓመት የሰፉት ሴትዮ ራሳቸው ተንበርክከው፣ ተቀምጠውበት፣ ረግጠውትም አልገባ አላቸው። ያን ጊዜ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብለው እስኪያማቸው ሳቁ።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ቦርሳውንም ካባውንም ትተው፣ ከተቀደዱት ድንኳኖች ከመደብሩ የድንኳን መያዣ ከረጢት በሁለት ስንዝር የሚበልጡ ትልልቅ ከረጢቶች እየሰፉ፣ በሩ ላይ ለወጣቱ በነጻ ማደልና አጣጠፉን ማሳየት ጀመሩ። ካስማውን አንድ ሳይቀር ቆጥሮ ላላስገባ ከረጢት አይሰጡም ነበር። ድንኳኑም ከሁለት ሺህ ወደ ስምንት መቶ፣ ከዚያ ወደ ሦስት መቶ እየወረደ ሄደ፤ የአዳራሹ ሴቶች "ቤሪል፣ ሥራ ልታስፈቺን ነው" እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ "እሱን ነው የምጠብቀው" ይሉ ነበር።

ባለፈው የጸደይ ወራት የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ጥሏቸው፣ የነሐሴው ሰኞ ሲደርስ መነሣት አልቻሉም። ጊሊያን ከረጢቶቹን ይዛ ብትወርድ አጎቷ ዴንዚል ቀድሟት በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሻካራ ድምፁ "ካስማህን ቁጠር! አንቺም ቁጠሪ!" ሲል ውሎ፣ ከነጋታው ጀምሮ የወደቀ ካስማ ለመልቀም በሜዳው ላይ ማግኔት ሲጎትት ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ወደ እኅቱ ቤት ገብቶ፣ ቆቡን ሳያወልቅ "አሥራ ዘጠኝ ድንኳን ብቻ ቀርቷል። ላሞቹን ሜዳው ላይ ለቅቄያቸዋለሁ" አላቸው። ወይዘሮ ቤሪል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ፤ ከዚያም ሻይ እንዲያፈላ አዘዙት። ከስድስት ሳምንት በኋላ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተገኙበት፣ በሰላም አረፉ።

ወይዘሮ ቤሪል ሁለት ልጆችን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ አብረዋቸው የሰፉ አሥራ አንድ ሴቶችንና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ይህ ወንድማቸው ያን ዕለት የመጣው ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር፤ ስለ ላሞች ተናግሮ፣ ሻዩን ጠጥቶ ወጣ። ሜዳውን ያከራየው እሱ፣ ኪራዩን የተቀበለው እሱ፣ ካስማውን ሳይለቅም ላሞቹን ያስገባውም እሱ ሆኖ ሳለ፣ ጥፋቱን ሁሉ በአንዲት ሰሌዳ ላይ አሳቦ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ይህን በሰው ፊት እንዲናገር ነው እንዲያነብ ያዘዙት፤ ታውቂ ነበር እትዬ፣ ሁሉንም ታውቂ ነበር።

የለፉባቸውን እጆች የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን በመልካም ስፍራ ያኑርልን፤ ለእኛም ለቀሪዎቹ፣ በሕይወት ሳለን የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን። ፕሪምሮዝን የገደልኳት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይቅር በይኝ።