አባ ቅደምን ማን ቀደመው?

«የዛሬው ጠዋት እንዴት ደስ ይላል አባቴ! ውርጩም ቶሎ ለቀቀ፣ ፀሐይዋም ወጣች። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን አጥንት ድረስ ነው የሚዘልቀው። ባናዎን ሰብሰብ ያድርጉት እንጂ! በጎቹስ እንዴት ሰብተዋል? አገሩ ሣር ነው፤ ሜዳው ለዓይን አይሰለች...»

እመት ዘርፈሽዋል ይህን የሚናገሩት ጮክ ብለው ነው። የቤታቸው የነፍስ አባት አባ ወልደአረጋይ ጆሯቸው ከከበደ ዓመታት ስላለፉ፣ ሁለቱ በበቅሎ ከአንኮበር ሲመጡ ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ ሲጮሁ ነው የዋሉት። አሁን ከግቢው ግንድ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ግን ድምፃቸው ከመንገዱም ብሷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ አማቻቸው ይሁኔ ፈረሱን እየጫነ ነበር።

ሚስቱ ሸዋወርቅ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ስለሚወለድ እናቷ ሊወስዷት መጥተዋል፤ ለሷ ብለውም ግራጫዋን አሮጌ በቅሏቸውን ስበው አምጥተዋል። ይሁኔ ግን ትናንት ገበታ ላይ ነገሩን ቆርጦ ጨረሰው። «በዚች በቅሎ ሁለት ቀን ከምትንገላታ፣ እኔ በፈረሴ አፈናጥጬ ለምሳ አደርሳታለሁ» አለ። ባለፈው ጥምቀት በግልቢያ ከሁሉ በፊት ስለገባ «አባ ቅደም» የሚል የፈረስ ስም ወጥቶለታል፤ ከዚያ ወዲህ ቀስ ብሎ መሄድ ስም ማጥፋት ይመስለዋል።

አማትና አማች «እርስዎ» እየተባባሉ፣ ተከባብረው የሚነጋገሩ ናቸው። አማት አማቿን ፊት ለፊት ብትወቅስ ነውር ነው። ጆሮው ለከበደ ቄስ ስለ አንኮበር መንገድ ማውራት ግን ማንም ነውር ብሎት አያውቅም።

«እኔማ አባቴ፣ ስለ ፈጣን ፈረስ ሲወራ ደስ ይለኛል። ትናንት ከአንድ አዋቂ ሰው አፍ ምን ሰማሁ መሰለዎት? ፈረሱ በፈጠነ ቁጥር ጋላቢው ደህና ነው አሉ! መንገድ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ጥቂት፣ የሚያገኘውም አደጋ ጥቂት... አየ እውቀት! እኛ አሮጊቶች ይህን ሳናውቅ ስንንቀራፈፍ ኖርን። እንዴት እስከ ዛሬ እንዳልሞትን እግዜር ይወቅ።»

ይሁኔ ፈገግ አለ። በመጨረሻ ገባቸው ብሎ የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረገ።

«ደግሞስ ሐሰት ነው? አንድ የማውቃቸው ጌታ አሉ... ስማቸው ምን ያደርግልዎታል? እንዲያ ያለ ጋላቢ አላየሁም። እውነትም መንገዱ ላይ የቆዩት ጥቂት ነው። ኮርቻው ላይ ደግሞ... ከዚያም ያነሰ።»

የይሁኔ እጅ የኮርቻው መታጠቂያ ላይ ደርቆ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ፣ ሚስቱ ሰባተኛ ወሯን መያዟን ለአማቱ ሊያበስር ወደ አንኮበር ጋለበ። ፈረሱ እመት ዘርፈሽዋል ደጅ የደረሰው ብቻውን ነው። ይሁኔ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ጭቃ ለብሶ፣ የተበጠሰ እርካብ በእጁ ይዞ፣ በእግሩ መጣ። ማንም ሳይጠይቀው «ፈረሱ እንዲያርፍ ብዬ ወርጄ ነው» አለ። ደብረ ብርሃን ሲመለስ ግን ይህንንም አላወራም። ሚስቱም አልሰማችም፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ።

«ጉልበት ያለው ፈረስ ከችግር ያወጣልም ብለዋል። እንዴት አያወጣ! ያ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ሲወርድ፣ ድንጋዩ ሲንሸራተት፣ ፈረሱ ከችግሩ ውልቅ ብሎ ወጣ። ችግሩ ውስጥ ማን ቀረ አይሉኝም?... ይተዉት፣ እሱስ የግል ጉዳይ ነው።»

አባ ወልደአረጋይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ባናው ይሁን ስለ በጎቹ እንደሚነቀንቁ አይታወቅም።

«ለሚስታቸው ያላቸው ፍቅርስ! እኚህ ጌታ ለሚስታቸው ያልወጡት ያልወረዱት የለም ይባላል። መውጣታቸውንማ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አይቶ እልል ብሏል። መውረዳቸውን ያየች ግን አንዲት ኩበት ለቃሚ ብቻ ናት፤ እሷም እንዴት እንደወረዱ እስከ ዛሬ አልገባትም። በየት በኩል ነው የወረዱት? በግራ ነው? በቀኝ ነው? 'በራስ በኩል መሰለኝ' ትላለች ሞኝ...»

ይሁኔ ጉሮሮውን ጠራረገ። አፉንም ከፈተ። ወዲያው ግን መልስ መስጠት «ሰውየው እኔ ነኝ» ማለት መሆኑ ታየውና አፉን መልሶ ዘጋ። ፈረሱ ዘወር ብሎ አየው፤ ይሁኔ በፈረሱ ዓይን ውስጥ እንኳ ትዝብት ያየ መሰለው።

«ሰውየው ደግሞ መሬት የያዙ ናቸው አባቴ። በሁለት እጃቸው! እርስዎ ዘወትር የዛሬ ወጣት ስግደት ተወ እያሉ ያዝናሉ። ግንባራቸውን ቢያዩት ኖሮ እንዲያ ባላሉ። ጾም ሳይሆን፣ ንስሐ ሳይሰጣቸው፣ በሐሙስ ቀን መንገድ መሃል ሰገዱ። አንዴ ነው የሰገዱት፤ ግን ከልባቸው።»

ይሁኔ ሳያስበው መጠምጠሚያውን ወደ ቅንድቡ ሳብ አደረገ። ከቤቱ በር ላይ አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ሸዋወርቅ መቃኑን ተደግፋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ባሏ የግንባሩ ቁስል ከቤት ጉበን ጋር ሲጋጭ የመጣ ነው ብሎ ነግሯት ነበር፤ እሷም በቅቤ ስታሽለት ነው የሰነበተችው።

«እንስራ አዝለው ዳገቱን ይወጡ የነበሩ ሦስት ሴቶችም እስከ ዛሬ ጌታውን ያነሷቸዋል። ፈረሱ ሲመጣ እንስራቸውን ጥለው ገደሉ አፍ ላይ ተለጠፉ። ምስጋናቸውን ቢሰሙ! 'ዕድሜ ለሳቸው፣ የገደሉን ታች አይተነው አናውቅም ነበር' ይላሉ። እውነትም ለጋላቢው መንገዱ ደህና ነው። ሌላው ሰው ከመንገዱ ከወረደለት ምን ይጎድለዋል?»

 ሴትዮዋ ሲቀጥሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለአባ ወልደአረጋይ የማይሰማ፣ ለይሁኔ ግን ደህና አድርጎ የሚሰማ።

«ፈረሱ ደጄ ደረሰልዎ አባቴ። ኮርቻው ባዶ፣ ልጓሙ መሬት ለመሬት እየተጎተተ። ባዶ ኮርቻ ያየች ሴት ምን ታስባለች? ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ያቺን ነፍሰ ጡር ምን ብዬ ነው የማረዳት እያልኩ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ከዚያ አልተነሳሁም...»

ከዚያ ፊታቸውን በእጃቸው ጠረግ አደረጉና እንደ ቀድሞው ጮኹ።

«ደግነቱ ጌታው ደረሱ! እርካባቸውን በእጃቸው ይዘው። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም ብለው ይሆናል፤ የጨዋ ልጅ አይደሉ?»

ሸዋወርቅ ሳቋ አመለጣት። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ይሁኔም ቀና ብሎ አያት። በመጀመሪያ ያየው ሳቋን ነበር፤ አፈረ። ቀጥሎ ያየው ሆዷን የደገፉትን እጆቿን ነው። ያ ቁልቁለት፣ ያ ጉም፣ ከሥሩ ሲከዳው የተሰማው ድንጋይ ትዝ አለው። እሷን ከኋላው አፈናጥጦ ቢሆን ኖሮስ? ፈራ። ከወደቀ ወዲህ በእውነት የፈራው ገና አሁን ነው።

«ይቺ ግራጫዬማ ምኗ ይወራል? አሥራ አንድ ዓመት ስትሸከመኝ አንድ ቀን እንኳ ቀድማኝ ደርሳ አታውቅም። እሷ ስትደርስ እኔም ደርሻለሁ። ጉልበት የላት፣ ስም የላት፣ ምን ታድርግ? ድንጋይ ባየች ቁጥር ቆማ ታስባለች። ማሰብ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል... ለዚህ ነው ጎበዞቹ የማይወዱት።»

ይሁኔ የፈረሱን መታጠቂያ ፈታ። ኮርቻውን አወረደ። በጥምቀት ዕለት ፈረሱ የሚያጌጥበትን ጥልፍ ግላስ ገፈፈና ሄዶ በግራጫዋ በቅሎ ጀርባ ላይ ዘረጋው። የራሱንም ባና አጥፎ ከላይ ደረበበት፤ በእጁም ተጭኖ ልስላሴውን ሞከረ። ከዚያ ሚስቱን አቅፎ በቀስታ በቅሎዋ ላይ አስቀመጣትና ልጓሟን ይዞ፣ ጫማውንም አውልቆ፣ በእግሩ ለመሄድ ከፊት ቆመ። ፈረሱ ከግቢው ጥግ ሆኖ ሣሩን መጋጥ ጀመረ።

እመት ዘርፈሽዋል ከግንዱ ላይ ብድግ አሉ። ፊታቸው እንደ ጠዋቷ ፀሐይ በርቷል። እውነትም ደስ ብሏቸዋል፤ ልጃቸው በደህና ልትገባላቸው ነው፣ አማቻቸውንም ይወዱታል። ጠዋቱን ሙሉ አንድም ቃል ወደ እሱ አልወረወሩም ነበር። አሁን ግን ቀጥ ብለው ወደ እሱ ሄዱ፣ ሁለት እጃቸውንም ዘረጉ። አባ ወልደአረጋይ የተዘረጉትን እጆች ሲያዩ ምርቃት መሆኑ ገባቸውና መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ።

«ይባረኩ የኔ ጌታ! እንደ እርስዎ ያለ ነገር የሚገባው አማች ለሁሉም እናት ይስጣት። የሚወለደውን አቅፈው ይሳሙ። ስምዎ ከፍ ይበል፣ አባ ቅደም... ፈረስዎ በሚደርስበት ሁሉ እግዚአብሔር እርስዎንም ያድርስዎ!»