በሬው ነው የገባባት

በእኛ ጊዜ፣ ያኔ በደርግ፣ መንግሥት አዘዘ ከተባለ ለምን ብሎ ነገር የለም፣ ልጆቼ። ሰኔ ላይ ተምች ወረደብንና መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን መጣችልን፤ ቁሐር ሚካኤል፣ ግጦሹ ላይ አረፈች። ታዲያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ "መሬቱ ላልቷል፤ ለጤፍ እንደምታስረግጡት በከብት አስረግጡላት!" አለን። እሱ ነው ያለን፣ ልብ በሉልኝ! እና ሁለቱን በሬዎቼን ይዤ ሄድሁ፤ ስናስረግጥ አረፈድንና ከብቱን ወደ ዳር አወጣን።

አብራሪው ልጅ እግር ነው፤ የፊተኛው ታሞ በምትኩ የመጣ። "ይችን ዓይነት ነድቼ አላውቅም" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እና እኔ፣ "ጌታው፣ እኛ እንኳ አዲስ በሬ መጀመሪያ በባዶ ቀንበር ነው የምናስለምደው፤ እስቲ መድኃኒቱን ሳይጭኑ ይሞክሯት" አልሁት። ሳቀብኝ! "አባቴ፣ ይሄ እኮ በሬ አይደለም" ብሎ ሳቀብኝ!

ታዲያ አስነሳት። ድርርርር አለች፣ ሮጠች፣ ሮጠች፣ ጭራዋን ብድግ ስታደርግ ወደ ግራ ዞረችበት። መለሳት፤ ሲመልሳት አበዛውና ወደ እኛ! እኛስ ሸሸን። ቦራዬን፣ ያን ግንባረ ነጭ በሬዬን፣ በክንፏ አንገቱን መትታ ገደለችው፤ እሷም ጭቃው ላይ ተደፋች።

ልጁ ከውስጧ ወጣ። "አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እምቢ አለችኝ፣ ልኳን አላውቀውም" ብሎ አለቀሰ። እና አንጀቴ ራራ፤ ሰው ነው፣ ይሳሳታል አልሁ።

ወዲያው ሊቀመንበሩ ደረሰ። "የአብዮቱን ንብረት የሰበረው የማን በሬ ነው?"

"ጓድ፣ አንተ አይደለህ አምጡ ያልኸን?"

"ዝም በል፣ አድኃሪ!"

ወደ ልጁ ዞርሁ። "ጌታው፣ ይንገሩት እንጂ! አሁን ለኔ ያሉትን ይንገሩት!"

መሬት መሬቱን አየ። "በሬው... በሬው ገባብኝ" አለ። ገባብኝ! ዳር የቆመ በሬ!

እና ወረታ ከተማ ወስደው አሰሩኝ። "በሬዬ ገባባት ብለህ ፈርም፣ ትወጣለህ" አሉኝ።

— ታዲያ ፈረሙ፣ አባባ?

ፈረምሁ እንጂ! ሰኔ እኮ ነው፤ መሬቴ ጦም ሊያድር ነው፣ እናንተስ ምን ልትበሉ? በዚች አውራ ጣት የሞተውን በሬዬን ወነጀልሁት። አውሮፕላኗ እምቢ ብላው ቢገድልብኝ፣ እሱንማ እዚያው ጭቃው ላይ ምሬው ነበር። ያችን "ገባብኝ" ያለባትን አፉን ግን ዛሬም አልምራትም!