አንድ ብሎን

ቡታጅራ ሳስተምር ዘመድ የሚባል አልነበረኝም። ከክፍል ስወጣ እግሬ የሚወስደኝ ኢንተርኔት ቤት ነው፤ እዚያ ብሎግ እጽፋለሁ፣ የሚያዋሩኝም የማላውቃቸው የሩቅ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰሞን መስቃን ገጠር ውስጥ ስለተበላሸ የእጅ ፓምፕና ወንዝ ስለሚወርዱ እናቶች ጻፍኩ። ምን ልበላችሁ፣ አስተያየቱ ጎረፈ! «ልብ ይነካል» የማይለኝ የለም። ደረቴን ነፍቼ እማማ ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ፤ ጽሑፌ ላይ ጀሪካን ያዘሉት እናት እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ የፓምፑን ነገር ብሎግ ላይ አወጣሁት» አልኳቸው።

«አልሃምዱሊላህ! ብሎኑ ተገኘ? የታለ?» ብለው ጎረቤቶቻቸውን በቋንቋቸው መጣራት ጀመሩ።

ፓምፑ የቆመው አንድ ብሎን ወልቆ ጠፍቶ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ሁሉ ስጽፍ ምን እንደጎደለው አልጠየቅኩም ነበር። ብሎግ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው፤ ውጭ አገር ያለ ሰው ሳይቀር አንብቦ እንዳዘነም ነገርኳቸው።

«አላህ ይስጣቸው» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ግን ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ብሎን ያለው አንድ እንኳ ጠፋ?»

መልስ ሳይጠብቁ ጀሪካናቸውን አዝለው ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄዱ። እኔም ብቻዬን ወደ ከተማ ተመለስኩና መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። «ብሎን ስጠኝ» አልኩት ባለሱቁን።

«ቁጥር ስንት?» አለኝ።

እሱንም አልጠየቅኩም ነበር።