የሚደወልለት ሰው

ከቦሌ በተነሳው የጎሮ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ከስልኳ ቀና ብላ አጠገቧ ያሉትን የማታውቃቸውን ሴትዮ አነጋገረች።

“ማዘር፣ ስልክ ቁጥርዎን ይሰጡኛል?”

“ለምን ልጄ?”

“ስልኬ ላይ የምሞላው ፎርም ‘አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት ሰው’ ይላል።”

“የምን አደጋ?”

“ባንጂ ልዘል ነው። እግሬን በላስቲክ ገመድ ያስሩኝና ከክሬን ላይ እዘላለሁ።”

“ያረቢ! ማን አስገደደሽ?”

“ማንም። የመስሪያ ቤት ልጆች ሁሉም ዘለው እኔ ብቻ ቀረሁ።”

“የእናትሽን ቁጥር አትሰጪም?”

“ወንድሜ የሞተ ጊዜ በስልክ ነው የነገሯት። አሁን የማታውቀው ቁጥር ከደወለ ገና ሳታነሳው ታለቅሳለች።”

“ታዲያ እኔን መርዶ ነጋሪ ልታደርጊኝ ነው?”

“እርስዎ አያውቁኝም፤ አይደነግጡም ብዬ ነው።”

“አሁንማ አወቅኩሽ።”

ልጅቷ ፎርሙን ልትዘጋ ስትል ሴትዮዋ ክንዷን ያዝ አደረጓት።

“በይ ጻፊ። ግን ዘለሽ እንደጨረስሽ አንቺው ራስሽ ደውይልኝ።”

“እሺ። እዚህ ጋ ‘ዝምድና’ ይላል፤ ምን ልበል?”

“አክስት በይ።”

ሴትዮዋ የነገሯትን ቁጥር ጻፈችና “ወራጅ አለ!” ብላ ወረደች።

የእኔ መውረጃ ሲደርስ “ወራጅ” ማለት አቃተኝና፣ ሴትዮዋ የልጅቷን ጥሪ እየጠበቁ በሁለት እጃቸው የያዙትን ስልክ እያየሁ ጎሮ ደረስኩ።