ሶስና የሞተችበት ሰሞን

(ሐዋሳ። ከሠርግ ድንኳን ጀርባ፣ እጅ መታጠቢያው በርሜል አጠገብ፣ በስልክ እንጂ በአካል ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ አንዷ የሌላዋን ክንድ ጨብጣለች።)

ሶስና፦ ልቀቂኝ እንጂ እህቴ! ተሳስተሻል አልኩሽ እኮ፤ ሰው ከሰው ይመሳሰላል።

ትርንጎ፦ የሚመሳሰለው መልክ ነው። መልክሽን ገና ዛሬ ማየቴ ነው። እኔ የማውቀው ድምፅሽን ነው።

ሶስና፦ የምን ድምፅ?

ትርንጎ፦ አሁን እዚያ ድስቱ ጋ "ኧረ ወዲያ!" ብለሽ የሳቅሽው። የያዝኩት ሳህን ከእጄ ወደቀ።

ሶስና፦ "ኧረ ወዲያ" የማይል ሀበሻ አለ እንዴ?

ትርንጎ፦ "ሥራ ፈቶች" ባልነው የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ስንት ጠዋት በዚህ ድምፅ "ሥራ ፈቶች፣ ነቅታችኋል?" ተብዬ ተነስቻለሁ! የሙሽራዋ የአክስት ልጅ ነኝ፣ ከአሰላ ነው የመጣሁት። ትርንጎ እባላለሁ። በይ አሁን ዓይን ዓይኔን እያየሽ "አላውቅሽም" በይኝ።

ሶስና፦ ቀስ በይ፣ አትጩሂ። ባለቤቴ ድንኳኑ ውስጥ ነው።

ትርንጎ፦ ባለቤትሽ? ሶስና ባል የላትም። ሶስና ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር፣ ባንክ የምትሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትበላ ልጅ ነበረች። ነፍሷን ይማረው።

ሶስና፦ ስሜ ጥሩወርቅ ነው።

ትርንጎ፦ ስምሽም?

ሶስና፦ ስሜም። የሙሽራው አጎት ሚስት ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ከአማቴ ጋር ነው የምኖረው። ባንክ የምገባው የመብራት ልከፍል ብቻ ነው።

ትርንጎ፦ እና ከዛሬ ጀምሮ ዘመዳሞች ሆንን በይኛ። እንኳን ደስ ያለን።

ሶስና፦ ትርንጎዬ…

ትርንጎ፦ በዚያ ድምፅ አትጥሪኝ!

ሶስና፦ እሺ። እሺ በቃ። ከምን ልጀምርልሽ?

ትርንጎ፦ ከሞትሽበት።

ሶስና፦ የገደልሽኝማ አንቺ ነሽ።

ትርንጎ፦ እ?

ሶስና፦ "ሐዋሳ ልመጣ ነው፣ የማርፈውም ሶስና ጋ ነው" ብለሽ አልጻፍሽም? ግሩፑ ሁሉ አጨበጨበልሽ። ጋሽ መኩሪያ እንኳ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ከጎንደር ሆነው "ፎቶ እንዳትረሱ" አሉ። የት ላሳርፍሽ? የቱ ኮንዶሚኒየም ላስገባሽ? ጠዋት ጠዋት ድምፅ የምልክላችሁ እኮ ዶሮ ቤት ተደብቄ ነበር።

ትርንጎ፦ ለካ ለዚያ ነው! አውራ ዶሮ ሲጮህ ሰምተን "ፎቅ ላይ ዶሮ ታረቢያለሽ ወይ?" ስንልሽ "ከታች ያሉት ጎረቤቶቼ ናቸው" ትይን ነበር።

ሶስና፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ትርንጎ፦ አትቀልጂ። ካሳቅሽኝ ይቅር የምልሽ እንዳይመስልሽ።

ሶስና፦ አልቀለድኩም። ያለው እውነት ይኸው ነው።

ትርንጎ፦ "ዋሽቻችኋለሁ" ማለት ምን ነበረበት? እኛ እኮ "ሽሮ ላይ ስኳር ጨምሩበት" ያለ ሰው ገጽ ላይ ተባብረን ስንሳደብ የተዋወቅን ሰዎች ነን። ማን ማንን ይንቃል?

ሶስና፦ አፈርኩ። እናንተ ጋ ስገባ ብቻ ነበር የምስቀው። ሶስናን ካጣሁ ምን ይቀረኛል ብዬ ፈራሁ። ለጊዜው "አሞኛል" ብል ጉዞሽን ትተይዋለሽ ብዬ ነው። ትንሽ ታምሜ ልድን ነበር።

ትርንጎ፦ ታዲያ ለምን አልዳንሽም?

ሶስና፦ እንዴት ልዳን? ብድን "እንኳን እግዜር ማረሽ" ልትይ ትመጫለሽ፤ ቢብስብኝ ልታስታምሚኝ ትመጫለሽ። "ሻንጣዬ ተዘጋጅቷል" ብለሽ ጻፍሽ። ከሞት በቀር ምን መንገድ ተውሽልኝ?

ትርንጎ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲሉ እሰማ ነበር። የአንቺስ እየከበደ ሄዶ እኛ ላይ ተናደ። መርዶውን የጻፈችው "እህትሽ" ማን ናት?

ሶስና፦ እኔው ነኝ። በሌላ ቁጥር።

ትርንጎ፦ "ስትሞት ስማችሁን እየጠራች ነበር" ያለችን?

ሶስና፦ እኔው ነኝ።

ትርንጎ፦ ጥቁር ለበስኩልሽ እኮ! ባሌ "ማን ሞቶብሽ ነው?" ቢለኝ "ጓደኛዬ" አልኩት። "የት ነበር የምታውቂያት?" አለኝ። ስልኬን አሳየሁት። ሳቀብኝ። ለአንቺ ብዬ ከባሌ ተኳረፍኩ።

ሶስና፦ አውቃለሁ።

ትርንጎ፦ ምኑን ነው የምታውቂው? ጋሽ መኩሪያ በዚያ ዕድሜያቸው ሙሾ ገጥመው በድምፅ ሊያነቡልሽ ሲሞክሩ መሀል ላይ አልቅሰው አቋረጡት።

ሶስና፦ "ፊትሽን አላየሁ፣ በምን ላስታውስሽ" የሚለው ጋ ሲደርሱ።

ትርንጎ፦ ሰምተሽዋል?

ሶስና፦ "እህቴ" ግሩፑ ውስጥ ነበረች አይደል?

ትርንጎ፦ እኛ ስናለቅስ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ታዳምጪ ነበር?

ሶስና፦ በእናትሽ እንደዚያ አትበይው! አብሬያችሁ ነው ያለቀስኩት። ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። አማቴ "ዘንድሮስ ሽንኩርቱ ክፉ ነው" አሉኝ። ጥሩወርቅን "ምን ትወጃለሽ?" ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፤ እናንተ ግን ሶስና ዝናብ እንደምትወድ፣ ጎመን እንደምትጠላ፣ ስትናደድ ነጥብ ሳታደርግ እንደምትጽፍ ሁሉ እያነሳችሁ ታለቅሱ ነበር። አንዴ ብቻ ልስማው እያልኩ ቀረሁ።

ትርንጎ፦ የራስሽን ለቅሶ ደረስሽ በይኛ።

ሶስና፦ የፍትሐቱ ቀን ግን ፈራሁ።

ትርንጎ፦ የክርስትና ስምሽን ከ"እህትሽ" ለምኜ ነበር እኮ የተቀበልኩት።

ሶስና፦ እሱ እውነተኛው ነው። ወለተ ሐና። ሁሉን ዋሽቼ እዚያ ላይ እጄ እምቢ አለኝ።

ትርንጎ፦ በቁምሽ ነው ያስፈታሁሽ? ስምሽን ከሙታን ጋር ነው ያስጠራሁት?

ሶስና፦ ከዚያ ወዲህ ራሴን ባመመኝ ቁጥር እሱ ነው የሚታወሰኝ።

ትርንጎ፦ እሰይ!

ሶስና፦ ይገባኛል። ስደቢኝ። … ሥራ ፈቶችስ ደህና ናቸው? "እህቴ" የሶስናንም ቁጥር ይዛ ከወጣች ወዲህ የግሩፑን ወሬ አልሰማሁም።

ትርንጎ፦ የምን ሥራ ፈቶች? አለቀ እኮ። አንዱ "መብራት ሄዶ ወጤ ጥሬውን ቀረ" ብሎ ሊቀልድ ሲጀምር፣ ሌላው "ሶስና ብትኖር ምን ትለው ነበር" ይላል። በቃ፣ ጸጥ። ምሳ ምን በላችሁ፣ ዝናቡ እናንተ ጋ ዘነበ ወይ፣ የሚል ጠፋ። እንዲህ ያለ ወሬ ማውራት ኃጢአት መሰለን። አሁን ጋሽ መኩሪያ ብቻቸውን ለበዓል "እንኳን አደረሳችሁ" ይላሉ፤ የሚመልስላቸው የለም።

ሶስና፦ እኔ ይሄን አልፈለግኩም። እኔ ስወጣ እናንተ የምትቀጥሉ መስሎኝ ነበር።

ትርንጎ፦ ተይው። አንድ ነገር ልጠይቅሽና እውነቱን ንገሪኝ። ከሞትሽ በኋላ ለብቻሽ ድምፅ እልክልሽ ነበር፣ በሶስና ቁጥር። ያ ስልክ የት ነው? የላክሁት የሚሰማኝ የለም ብዬ ነው። የተነበበበትን ምልክት ሳይ "እህቷ ናት የከፈተችው" አልኩ። የማላውቃት ሴት ብትሰማው ምን ቸገረኝ ብዬ ቀጠልኩ።

ሶስና፦ ስልኩ ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ትርንጎ፦ ሰማሻቸው?

ሶስና፦ ሁሉንም።

ትርንጎ፦ ልጄ ሆዴ ውስጥ የሞተብኝ ጊዜ፣ ከሆስፒታል የላክሁትን?

ሶስና፦ አዎ።

ትርንጎ፦ "ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፣ እናቴ የለችኝ፣ ለማን ልንገር፣ ምነው አንቺ በኖርሽ" ያልኩትን?

ሶስና፦ እየደጋገምኩ ሰማሁት። መልስ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። የሞተ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል፣ ትርንጎ?

ትርንጎ፦ ለካ እውነት ነው!

ሶስና፦ ምኑ?

ትርንጎ፦ አልጋው ላይ ሆኜ ስልኬን ሳይ፣ ከስምሽ ሥር "እየጻፈች ነው" የሚለው ብልጭ ብሎ ጠፋ። ያበድኩ መሰለኝ። ነርሷን ጠርቼ "የሞተች ጓደኛዬ እየጻፈችልኝ ነው" አልኳት። መርፌ ወግታ አስተኛችኝ።

ሶስና፦ ወይኔ! ወይኔ ልጅቱ! እግርሽ ላይ ልውደቅ?

ትርንጎ፦ ተነሺ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል። ሰው ምን ይለናል።

ሶስና፦ ለባሌ ልትነግሪው ነው? ስልክ ደብቄ እንደያዝኩ አያውቅም። ካወቀ ቤት አይኖረኝም።

ትርንጎ፦ ምን ብዬ ልንገረው? "ሚስትህ ሞታብኝ ነበር" ብዬ? አይዞሽ፣ የሰው ትዳር ላፈርስ አልመጣሁም። የዘመዴን ድግስ ልበላ ነው የመጣሁት።

ሶስና፦ እግዜር ይስጥልኝ። ውለታሽን… እንግዲያ ነገ ቤቴ ነይ፤ ቅርብ ነው። ልጆቼን እዪያቸው። ከዚህ በኋላ የምደብቅሽ ነገር የለም። ከፈለግሽ ለጋሽ መኩሪያም አብረን እንደውልና ይሳደቡ፣ ይውጣላቸው። እንደ ድሮው እንሆናለን።

ትርንጎ፦ በይ፣ እኔ ልግባ። ሙሽሮቹ ኬኩን ሊቆርሱ ነው።

ሶስና፦ ቆይ፣ ቆይ አንዴ! ያን ሁሉ ያለቀስሽው እንድኖርልሽ አልነበረም? ይኸው አለሁ! ክንዴን ይዘሽው ነበር እኮ አሁን፣ ሙቀቱ አልተሰማሽም? ወይስ ሞቼ ብቀር ይሻልሽ ነበር?

ትርንጎ፦ አዎ።

ሶስና፦ ትርንጎ!

ትርንጎ፦ የሞተችው ትወደኝ ነበር።