የቦርዱ አፍና ጆሮ

ጋሼ መላ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የማያስነሱት የሞተ ዕቃ የለም የሚባልላቸው ባለሙያ ነበሩ። አንድ ረፋድ የመሣሪያ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ ክሊኒኩ ሲገቡ ከጎረቤታቸው ልጅ ጋር በሩ ላይ ግጥም አሉ። ልጅቷ በኤሌክትሮኒክስ ትምህርት በቅርቡ የተመረቀች ናት።

“ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበትን ማሞቂያ ሊጠግኑ ነው የመጡት?”

“አዎ ልጄ፣ አንዱ ማሞቂያ ሞተ ብለው ጠሩኝ።”

“እህቴ በሰባት ወሯ ወልዳ፣ ልጇ በቀረው በአንዱ ማሞቂያ ከሌላ ሕፃን ጋር ተዳብሎ ተኝቷል። ልከተልዎት?”

ጋሼ መላ ማሞቂያውን ፈቱት። መበየጃቸውን አግለው በውስጡ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ወደተበየደው ትልቁ ቺፕ ሲጠጉ ልጅቷ አላስቻላትም።

“ድፍረት አይሁንብኝና ጋሼ፣ ከመንቀልዎ በፊት ለምን አንጠይቀውም?”

“ማንን?”

“ቦርዱን።”

ሳቁ። “እኔ ዕቃ የምጠይቀው በእጄ ነው። የጠረጠርኩትን እነቅላለሁ፤ እሱ ካልሆነ ቀጥሎ ያለውን። መምህሬም ያስተማረኝ ይህንኑ ነው።”

“እጅዎ የተባረከ ነው። ግን ይህ ቦርድ በውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለበት። እነዚህን ሦስት ፒኖች፣ ቀጫጭኖቹን የብረት እግሮች፣ ይዩልኝ፤ አንዷ መልእክት የሚያወጣባት አፉ ናት፣ አንዷ የሚቀበልባት ጆሮው። ሦስተኛዋን እርስዎም ያውቋታል፣ የመሬት መስመሯ፣ ግራውንድ ናት።”

“አፍ ካለው ታዲያ ምነው ዝም አለ?”

“ዝም ማለቱን በምን አወቅን? ጆሯችንን መቼ አስጠጋን?”

ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው በትናንት ተመራቂ መታረም ይከብደዋል። ጋሼ መላ ግን የተዳበሉትን ሕፃናት አሰቡና መበየጃውን አስቀመጡ።

ልጅቷ ማሞቂያውን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክታ የፒኖቹን ቮልት ለካች፤ ከልኩ ያለፈ ኃይል ቦርዱን ያቃጥለዋልና። ከዚያም በቀጭን ገመድ ከላፕቶፗ ጋር አገናኘችው። ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

“የቱን ከየቱ አያያዝሽው?” አሉ ጋሼ መላ።

“የቦርዱን አፍ ከላፕቶፑ አፍ።”

“ሁለት ሰው አፍ ለአፍ ገጥሞ ቢጮህ ማን ሊሰማ ነው ልጄ?”

ልጅቷ አፍራ ሳቀች፤ የአንዱን አፍ ከሌላው ጆሮ አድርጋ ገመዶቹን አቀያየረች። ወዲያው ስክሪኑን ጽሑፍ ሞላው። ከእንግሊዝኛው እየተረጎመች አነበበችላቸው፦ “ተነስቻለሁ። የሚሞቀው ሽቦ ደህና ነው። የአየር ማዞሪያው ደህና ነው። የሙቀት መለኪያው አይመልስልኝም። ሕፃኑ እንዳይጎዳ ሙቀቱን ዘግቻለሁ።” ጽሑፉ አልቆ እንደገና ጀመረ፤ አሁንም እንደገና።

ጋሼ መላ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚለው?”

“ከተበላሸ ጊዜ ጀምሮ፣ በተከፈተ ቁጥር።”

“እግዚኦ! ለሕፃኑ ብሎ የዘጋውን እኔ ራሱን ልቆርጠው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።”

የመለኪያውን ገመድ በጣታቸው እየዳበሱ ሄዱ። ክዳኑ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ከውስጥ የተበጠሰውን አገኙትና በሁለት ደቂቃ በየዱት። የክሊኒኩ ነርስ ሙቀቱን በሌላ ቴርሞሜትር ለረጅም ሰዓት ተከታተለች፤ ልኩን መያዙን ስታረጋግጥ የልጅቷን የእህት ልጅ ለብቻው አስተኛችው።

ጠይቆ የሚጠግን ሰው ደህናውን አይነቅልም፤ በሽተኛም በከንቱ አይጠብቅም። የእጅ ጥበብም አይረክስበትም፤ እንዲያውም የት እንደሚያርፍ ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ መላ ሱቃቸው ውስጥ “አልቆለታል” ብለው የጣሏቸውን ቦርዶች ካርቶን ፊት ቆመው ቀሩ።

“ስንቱን ሳልሰማ ቀበርኩት!” አሉ። አንዱን አንስተው አቧራውን እፍ አሉና፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሦስቱን ፒኖች ይፈልጉ ጀመር። “እስቲ አንተስ ምን ልትለኝ ነበር?”